ድህነት ልቆጥር ቦሌ የሄድኩ ጊዜ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እዚህ ደሴ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ቦሌን አየኸው? አውሮፕላኑስ?» ይለኛል። አውሮፕላኑን አይቻለሁ። በራሴ ላይ ባለፈ ቁጥር የምጠይቀውን ሰው መልስ አያሰማኝም ነበርና በደንብ ነው ያየሁት። ያልጠየቃችሁኝን ደግሞ ልጽፍላችሁ ነው። ሰው ባገኘሁ ቁጥር ከሀ ጀምሮ ማውራት ሰልችቶኛል፤ ሚስቴንም አሰልችቻታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምቱ እረፍት አንድ ጥናት ቤት ለቤት እየዞሩ መጠይቅ የሚሞሉ ሰዎች ይፈልጋል ተባለና የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ተመረጥኩ። ጥናቱ በከተማ ውስጥ ኑሮ የከበዳቸው ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ አጥንቶ ለመንግሥት ያቀርባል፤ መንግሥት ደግሞ ያንን አይቶ ፖሊሲ ያወጣል። አምኜ ነው የሄድኩት። አዲስ አበባ ሰው የጠፋ ይመስል ከደሴ ድረስ ለምን እንደሚወስዱኝ ስጠይቅ፣ «ሰፈሩን የማያውቅ ሰው አያዳላም» አሉኝ። አለማዳላቱ ልክ ነው። ሰፈሩን አለማወቄ ያመጣውን ጣጣ ግን አብረን እንደርስበታለን።

እሑድ

አውቶቡሱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል ስለተባለ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ተገኘሁ። የተነሳው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ካራቆሬ ጎማ ፈነዳ። ለመለወጫ የተያዘው ጎማ ራሱ የተነፈሰ ስለነበር ሌላ መኪና እስኪያልፍና እስኪያበድረን ድረስ መንገድ ዳር ቆመን ዝናብ መታን። ደብረ ሲና ላይ ምሳ እበላለሁ ብዬ ገና ዳቦውን ሳልቆርስ ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ከዚያ ወዲያ ጣርማ በርን ስንወጣ አንዱ ተሳፋሪ አስመለሰው። መስኮት ልከፍት እጄን ስሰድ ከፊት ያሉት ሴትዮ «ብርድ ልታስመታን ነው?» ብለው ጮኹ፤ ከኋላ ያለውም አገዛቸው። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ በዚያ ሽታ ታፍነን ተጓዝን። በበሽታ ከመሞት በሽታው እንዳይገባ ታፍኖ መሞት የሚመርጥ ሕዝብ መሆናችንን ያኔ ጻፍኩ፤ ገና መጠይቁን ሳላየው።

ላምበረት ላይ ስወርድ መሽቷል፤ ዝናቡም አላባራም። የእናቴ የአክስት ልጅ ጋሼ ይማም ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጃንጥላ ይዞ እየጠበቀኝ ነበር። እዚያው አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለው፤ ከወሎ ከመጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ አነጋገሩ ግን ትናንት ከደሴ የወጣ ይመስላል። «ሦስት አውቶቡስ አለፈ፤ በእያንዳንዱ አንተን ፈለግሁ» አለኝ፤ ቅሬታ አልነበረበትም። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። ባለቤቱ እትዬ ዘነቡ አልጋቸውን ለቃ አነጠፈችልኝ። አይሆንም ብዬ ብከራከር፣ «እንግዲያው ውጭ ተኛ፣ ለእናትህም እኔ እነግራታለሁ» አለችኝ። ተኛሁ።

ሰኞ

የጥናቱ ቢሮ ቦሌ መንገድ ላይ ኦሎምፒያ ነው። ደሴ ላይ ከቤቴ ትምህርት ቤቴ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ዳገት ቢሆንም የት እንደምደርስና መቼ እንደምደርስ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱንም አታውቅም። በውይይት ታክሲ ተሳፈርኩ፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ጉልበት ለጉልበት ይጋጫል። መገናኛ ወርጄ ሌላ ያዝኩ፤ እሱ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ «ጨርሻለሁ» ብሎ አወረደን። ምን እንደጨረሰ አላውቅም።

አስተባባሪያችን ሔለን የምትባል፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙ ያልቆየች ወጣት ናት። ጎበዝ ናት፤ ይህን ልክድ አልችልም። ግን ከሦስት ቃል አንዱ እንግሊዝኛ ነው። «ሳምፕሉ ራንደም ነው፤ ዳታው ክሊን መሆን አለበት» ትለናለች፤ ቤቶቹ በዕጣ ወጥተዋል፣ መልሱ ስህተት አይኑርበት ማለቷ ነው። መጠይቁ አርባ ገጽ ነው። ፍሪጅ አለዎት? የቤት መኪና አለዎት? ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ደስ ብሎዎት ዋሉ? ኑሮዎን ከአንድ እስከ አምስት ስንት ይሰጡታል? እያንዳንዱን ቤት ስንጀምር ጮክ ብለን የምናነበው አንድ አረፍተ ነገርም አለ፦ «የሚሰጡን መልስ በሚስጥር ይያዛል።»

ከመበተናችን በፊት ሔለን አንድ ነገር ጨመረች። ያለፈው ጊዜ አንዳንድ መጠይቅ ሞዪ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ከራሱ እየፈጠረ ሞልቶ ኖሯል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ፎርም የቀበሌ ማህተም ይመታበታል፤ ማህተም የሌለውን ቢሮው አይቀበልም።  በእኛ አገር ማህተም ሲባል የሚከራከር ሰው የለም፤ ያልተመታበትን ወረቀት እኛ ራሳችን አናምነውም።

ማክሰኞ

የተመደብኩበት ሰፈር ከኦሎምፒያ ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ነው። ከላይ የግንብ አጥርና የብረት በር ያላቸው ቪላዎች አሉ፤ ከጓሯቸው ሁለት መቶ እርምጃ ስትወርድ የጭቃ ቤት ከጭቃ ቤት ተደግፎ ቆሟል። ደሴም ድሃ አለ። የደሴ ድሃ ግን ዳገቱ ላይ ስለሆነ ቢያንስ ዝናቡ ጥሎት ይወርዳል። እዚህ የቪላው ውሃ ሁሉ ወርዶ እነሱ ቤት ይገባል።

በመጀመሪያው ቤት ስለ ፍሪጅ ስጠይቅ አባወራው ሚስቱን አየት አድርጎ፣ «እስቲ ከመኪናው ጀምርልን» አለኝ። በሁለተኛው ቤት አንድ አዛውንት ለኑሯቸው ከአምስት አምስት ሰጡት። ጣራቸው በሦስት ቦታ ያፈሳል፤ አንዱ ፎርሜ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። «አባባ፣ እውነት አምስት?» ብላቸው «ለእንግዳ እንዴት ብዬ ነው የማማርረው?» አሉ። አምስት ብዬ ጻፍኩ። እንግዲህ መንግሥት ሰውዬው ደስተኛ መሆናቸውን አውቆ ተኝቶ ይደር። ስወጣ የቀኝ ጫማዬን ሶል ጭቃው ያዘው፤ እሱ ለብቻው፣ እኔ ለብቻዬ ወጣን።

ረቡዕ

ቀበሌው የሚያስጎበኘኝ አንድ ሰው መድቦልኝ ነበር። ዕድሉን ሲያገኝ ሻይ ቤት ስለሚሰወር አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ። ብቻዬን እያለሁ ነው እማማ ተዋበች ቤት የገባሁት። ቤታቸው አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው፤ መሐሉን መጋረጃ ከፍሎታል። እማማ ተዋበች በርጩማቸውን ለቀውልኝ እሳቸው ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«ትናንት ማታ እዚህ ቤት ስንት ሰው አደረ?» አልኩ።

«አራት። እኔ፣ ልጄ፣ ሁለቱ የልጅ ልጆቼ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሴት አስነጠሰች። ሳላስበው «ይማርሽ» አልኩ። እማማ ተዋበች አንገታቸውን ደፉ።

ዝም ብዬ አራት ብዬ ብጽፍ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍላችሁም ነበር። እኔ ግን አስተማሪ ነኝ፤ የተሳሳተ ቁጥር ሳይ ያሳክከኛል። «እማማ፣ ይህ ለቀበሌ አይደለም፤ ለጥናት ነው። ያደረ ሰው ሁሉ ካልተጻፈ የተቸገረውን ሰው ብዛት ማንም አያውቅም» አልኩና ያቺን የሚስጥር አረፍተ ነገር ደግሜ አነበብኩላቸው።

«ልጄ፣ ቀበሌ እንዳይሰማ ብቻ።»

«አይሰማም።»

ይሄኔ መጋረጃው ተገለጠና ክንዷ ድረስ እርጥብ የሆነች ሴት ወጣች። ወርቅነሽ ትባላለች። ከወላይታ ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ላይ ቪላዎቹ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ምሕረት ከምትባል የሰባት ዓመት ልጇ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ የምትኖር ደባል ናት። ያኔ ደባል ማለት አብሮ የሚኖር ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«እማማ፣ ይጻፉን» አለች። «ስድስት ዓመት የትም አልተጻፍኩ። ልጄን ትምህርት ቤት ላስገባ ስል ከቀበሌ ወረቀት አምጪ ይሉኛል፤ ቀበሌ ስሄድ መዝገብ ላይ የለሽም ይለኛል። ይኼ ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ አለን ብለን ብንጻፍ ጌታ ያውቃል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ መምህር ነዎት አይደል?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ጻፉን።»

አምስተኛና ስድስተኛ መስመር ላይ ጻፍኳቸው። ዝምድና በሚለው ቦታ «ደባል» አልኩ። ስለ ራሷ ኑሮ የሚጠይቀውን ገጽ ሳልጀምር ወደ ሥራ መሄጃዋ ደረሰና ሮጠች። ከሰው ቤት ምንም እንዳትቀበሉ ተብለናል፤ እማማ ተዋበች ግን ሻይና ቆሎ አቅርበው «ካልቀመስክ ያልከውን ሁሉ አላምንህም» አሉኝ። ቀመስኩ።

ማታ ላይ የዕለቱን ፎርሞች ይዤ ማህተም ላስመታ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ማህተሙ የተቆለፈበት ቁልፍ ሊቀመንበሩ ጋ መሆኑንና እሳቸውም መውጣታቸውን ነገረኝ። «እዚህ ይደሩ፣ ነገ ተመትቶ ይጠብቅዎታል» አለ። በአንድ ጫማ ላይ በገመድ የታሰረ ሶል እየጎተትኩ ነበር፤ ዝናብም እየመጣ ነበር። ደስ ብሎኝ አስረክቤው ሄድኩ።

ሐሙስ

ፎርሞቹ ጠዋት ተመትተው ጠበቁኝ። ማህተሙ አንዱም ሳይዛነፍ፣ ሳይደበዝዝ ልክ ቦታው ላይ አርፏል። ጸሐፊውን ከልቤ አመሰገንኩት። እሱም «እኛ ነን የምናመሰግን» አለኝ። የደሴ የቀበሌ ጸሐፊ እንዲህ አይናገርም፤ የአዲስ አበባ ሰው ሥልጡን ነው ብዬ ለጓደኞቼ የማወራው ጥሩ ነገር አገኘሁ አልኩ።

ቀኑን በሌላኛው የሰፈሩ ጫፍ ስዞር ዋልኩ። ማታ እትዬ ዘነቡ ጫማዬን ከእግሬ ነጥቃ ለጎረቤት ጫማ ሰፊ አስሰፍታው፣ ጋዜጣ ጠቅጥቃበት ምድጃ ዳር አስቀመጠችው። እራት ላይ ስለ እማማ ተዋበች ቤት አወራሁላቸው። ጋሼ ይማም ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ ቆመ።

«ፎርሙ ላይ ደባል ብለህ ጻፍክ?»

«አዎ።»

«ፎርሙን የት አሳደርከው?»

«ቀበሌ። ማህተም…»

«አንተ ሰው!» አለ። እንዲህ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «የቀበሌ ቤት ውስጥ ደባል ማስገባት ክልክል መሆኑን አታውቅም? የገባው ይባረራል፣ ያስገባውም ቤቱን ይነጠቃል! ደሴ የቀበሌ ቤት የለም እንዴ?»

አለ። እኔ ግን አባቴ በሠራው ቤት ውስጥ ተወልጄ እዚያው ስለምኖር አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም። አርባ ዓመቴ ነው፤ ልጅ አስተምራለሁ፤ ይህን አላውቅም። እትዬ ዘነቡ ልታጽናናኝ ፈልጋ፣ «ይኼም ቤት የቀበሌ ነው፤ አንተንም ለማንም አልተናገርንም» አለችኝ። ከማጽናናት ይልቅ ባሰብኝ።

ዓርብ

ታክሲው ካዛንቺስ ዞሮ ይሄዳል ሲለኝ ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ። እማማ ተዋበች ቤት ስደርስ መጋረጃው የለም። ክፍሉ ሰፍቷል። መጋረጃው ታጥፎ ጆንያው ላይ ተቀምጧል።

ሊቀመንበሩና ጸሐፊው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጥተው ነበር። እማማ ተዋበች አራት ነን ሲሉ ጸሐፊው ሁለቱንም ስም በቃሉ ጠራላቸው። ወይ ዛሬውኑ ይውጡ፣ ወይ ቤቱ ይታሸግ አሏቸው። ወርቅነሽ ከሥራ ስትመለስ ጭቅጭቅ ሳታነሳ ዕቃዋን አሰረች።

እማማ ተዋበች ይጮኹብኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። «ቁጭ በል ልጄ፣ ደክሞሃል» አሉኝ። አልቀመጥም አልኩ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀበሌ ሄጄ ጸሐፊው ላይ ጮኽኩ። እሱ አልተቆጣም። «መምህር፣ ሕግ ነው። ደግሞስ የነገሩን እርስዎ አይደሉም?» አለኝ። ኦሎምፒያ ሄጄ ሔለን ላይ ጮኽኩ።

«ፎርሙን ቀበሌ አሳደሩት?» አለች፤ ፊቷ ነጣ።

«ማህተም አስመቱ ያልሽው አንቺ ነሽ!»

«አስመቱ ነው ያልነው፤ አሳድሩ አላልንም።»

«አንብበው እንዳይመቱ ዓይናቸውን ልሸፍን ነበር?»

 ሔለን የሥራ ነገር ሆኖባት ፎርሙን ገለበጠች። አምስተኛ መስመር ላይ ያለችው ሴት ስለ ራሷ የምትመልሰው ገጽ ባዶ መሆኑን አየች። «ይኼ ኢንኮምፕሊት ነው። ራሷን አግኝተው መሙላት አለብዎት» አለችኝ። ፎርሙን ነጥቄ በሩን ወርውሬው ወጣሁ፤ በሩ ግን ቀስ ብሎ የሚዘጋ ዓይነት ነበርና ምንም አልጮኸም።

ቅዳሜ

እማማ ተዋበች ባመለከቱኝ መሠረት ወርቅነሽን ገርጂ አገኘኋት። አብራት የምትጸልይ አንዲት ሴት የውጭ ማዕድ ቤቷን ለቃላታለች፤ ወርቅነሽ ጢሱ ባጠቆረው ግድግዳ ሥር ልብስ ታጥባለች። ምሕረት ልብስ መቆንጠጫውን በቀለም በቀለም ትደረድራለች። ሁለት ታክሲ ይዤ፣ ግማሹን በእርሻ መሐል በእግሬ ስሄድ የተዘጋጀሁበት ይቅርታ ነበር። እሱን ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ወረቀቱን ይዘኸዋል?»

እርስዎ ማለቷን ትታለች። ተገቢ ነው።

«ይዤዋለሁ፤ ግን ለሱ አይደለም የመጣሁት።»

«እሱን ነው የምትጠይቀኝ። አሁን ካልተጻፍኩማ በከንቱ ነው የወጣሁት። ቁጭ በልና ጠይቅ።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠየቅኳት። በሳምንት ስንት ቀን ትሠራለች፣ ስንት ጊዜ ትበላለች፣ ቢቸግራት ማን ዘንድ ትሄዳለች። አንዱንም ሳትዘል፣ እያሰበች፣ አንዳንዱን እያረመች መለሰች። ኑሮሽን ከአምስት ስንት ትሰጪዋለሽ ስላት «ረቡዕ ብትጠይቀኝ ሁለት እልህ ነበር፤ አሁን አንድ» አለች። ቀጥሎ ያለው እንዲህ ይላል፦ ኑሮዎ ከተባባሰ ምክንያቱ ምንድን ነው? ሕመም፣ ሥራ ማጣት፣ የዋጋ ውድነት፣ የቤተሰብ ሞት፣ ሌላ።

«ሌላ» አለች። «ጻፍ።»

«ምን ብዬ?»

«አንድ መምህር መጥቶ ስንት ሰው አደረ ብሎ ጠየቀን፣ እውነቱን ነገርነው።»

የተሰጠው ቦታ ግማሽ መስመር ነው። ጠቦኝ በዳር በዳር አዙሬ ጻፍኩት። ጨርሼ ሳነብላት ሰምታ ራሷን ነቀነቀች፤ እጇን አድርቃ የገጹን ጫፍ በጣቷ ነካች። ከዚያ ወደ እጥበቷ ተመለሰች። ይቅርታዬን ጀርባዋ ነው የሰማው።

ከሰዓት ኦሎምፒያ ደረስኩ። ሔለን ያንን በዳር የዞረ ጽሑፍ ቆማ አነበበችው። ሁለቴ ያነበበችው ይመስለኛል። ዓይኗ ቀልቷል። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ቁጣዬን የማሳርፍበት አገኝ ነበር።

«መምህር ሰይድ» አለች፤ «ትናንት ማታ የት አደረች?»

«ገርጂ።»

«የቤቱ አባል ማለት ፎርሙ ከመዘጋቱ በፊት በነበረው ማታ እዚያ ያደረ ነው። ሩሉ ይኼ ነው፤ ፎርሙ ደግሞ የሚዘጋው ዛሬ ነው። እዚህ ቤት ስላላደረች ልንቆጥራት አንችልም። ገርጂ ደግሞ ሳምፕሉ ውስጥ የለም።»

«እዚያ ያላደረችው በእኛ ምክንያት ነው!»

«አውቃለሁ። ቢሆንም ሁለቱ መስመሮች መሰረዝ አለባቸው። የጻፈው ሰው ነው ሰርዞ የሚፈርምበት።» እስክሪብቶዋን ዘረጋችልኝ።

አልፈርምም ብዬ ተከራከርኩ። ካልተሰረዘ ፎርሙ እንዳለ ይጣላል፤ የእማማ ተዋበች ቤትም ከነአራት ሰዉ ከጥናቱ ይወጣል አለችኝ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ አራት ከዜሮ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። አምስተኛውንና ስድስተኛውን መስመር በማስመሪያ ሰርዤ ፈረምኩ። መፈረም አልነበረብኝም፤ ዛሬም እላለሁ። ሔለን ተቀብላኝ ከሌሎቹ ሥር አስገባችው።

እሑድ

ጋሼ ይማም ላምበረት ድረስ ሸኘኝ፤ እትዬ ዘነቡ ለመንገድ የሚሆን አምባሻ በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ። አውቶቡሱ በሰዓቱ ተነሳ፤ ጎማም አልፈነዳም፤ የሚያናድደኝ ነገር አጥቼ እስከ ደሴ በመስኮት እያየሁ መጣሁ።

ጥናቱ ሲያልቅ መጽሐፍ ሆኖ ይታተማል ብለውናል፤ ወንዙ ዳር ያለው ሰፈርም በሰንጠረዥ ይወጣል። እዚያ ስለማታገኟቸው እኔ እዚህ ጻፍኳቸው። ወርቅነሽና ምሕረት ይባላሉ። ሁለት ናቸው።